የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የታደሰ ጥንታዊ ቤት ለሚገዙና ለሚሸጡ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በጥንታዊ የከተማ ሰፈሮች ውስጥ ታድሰው ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶችን የሚመለከቱ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጠያቂዎቹን ስምና የቤቶቹን አድራሻም ትተናል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ በድንጋይ የተሠራ ባለ አንድ ፎቅ ጥንታዊ ቤት ለመግዛት ተቃርበናል። ቤቱ ከጥቂት ወራት በፊት ከውስጥም ከውጭም ታድሷል፤ ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ የምድር ቤቱ ወለልም ሴራሚክ ለብሷል። ለሁለተኛ ጊዜ ስናየው ግን በሳሎኑ ግድግዳ ግርጌ ቀለሙ አብጦ አገኘነው። ሻጩ ልስኑ ገና ስላልደረቀ ነው፣ በጊዜው ይስተካከላል ይላል። ደላላው ደግሞ ሌላ ገዥ ደጅ ላይ ቆሟል እያለ ያስቸኩለናል። እንግዛው ወይስ እንተወው?

መልስ፦ ልስን ለመድረቅ ጊዜ የሚፈልግ መሆኑ እውነት ስለሆነ ሻጩ ዋሽቷችኋል ብለን አንነሣም። ነገር ግን በመድረቅ ላይ ያለ ልስን ርጥበቱ በግድግዳው ላይ ከሞላ ጎደል እኩል ተሰራጭቶ ቀን በቀን እየቀነሰ የሚሄድ ሲሆን፣ እናንተ የገለጻችሁት እብጠት ከግርጌ ብቻ የተነሣ ነው፤ ይህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ውኃው ከመሬት ወይም ከውጭው ወገን እየመጣ መሆኑን ያመለክታል። ከመሬት የሚሳብ ርጥበት እንደ ልማዱ ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ ይወጣል። በዚያ ከፍታ ላይ ወላዋላ የእድፍ መስመር ወይም ሲነኩት የሚረግፍ ነጭ ጨው ካያችሁ ጥርጣሬያችሁ ይበልጥ ይጠናከራል።

የነገሩ ሥር ያለው አሮጌ ግድግዳ ውኃን በሚያስተናግድበት መንገድ ላይ ነው። የዛሬ ግንበኛ ውኃ ጨርሶ እንዳይገባ ይከላከላል፤ የቀድሞው ግን ውኃ መግባቱ እንደማይቀር አውቆ፣ የገባው ተመልሶ የሚወጣበትን መንገድ ክፍት ይተው ነበር። ድንጋዩን የሚያያይዘው በጭቃ ወይም በኖራ፣ የሚለስነውም በኖራ ነበር። የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅቃል፤ ከዚያም በውኃ ተቦክቶ ከተለሰነ በኋላ ያንኑ ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ እየወሰደ መልሶ ይጠነክራል። በዚህ ሁኔታ የጠነከረ ልስን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ በመሆኑ ግድግዳው የሳበው ርጥበት በእርሱ በኩል ተንኖ ይወጣል። ጆሴፍ አስፕዲን የተባለው እንግሊዛዊ ፖርትላንድ ሲሚንቶ ብሎ ለሰየመው ምርት የፈጠራ መብት ያገኘው በ1824 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠሩት ቤቶች በሙሉ፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ የተሠሩት አብዛኞቹ፣ ዛሬ የምናውቀውን ሲሚንቶ ታሳቢ አድርገው የተሠሩ አይደሉም።

እንዲህ ያለ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰንና በላዩ የፕላስቲክ ቀለም ሲቀባ ርጥበቱ መውጫ ያጣል። መውጫ ያጣ ርጥበት ግን አይጠፋም፤ ወይ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ልስኑን ከድንጋዩ አላቅቆ በእብጠት መልክ ይታያል። የወለሉ ሴራሚክም የበኩሉን አስተዋጽኦ ያደርጋል፤ ቀድሞ በወለሉ በኩል ይተንን የነበረው ውኃ አሁን ወደ ግድግዳው ጠርዝ ይገፋል። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ግን የማይታየው ነው። የፎቁን ወለል የተሸከሙት እንጨቶች ጫፋቸው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረ በመሆኑ ርጥበቱ እነርሱ ዘንድ ከደረሰ መበስበስ ይጀምራሉ። የእንጨት የርጥበት መጠን ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ፈንገሶች ለመራባት ምቹ ሁኔታ ያገኛሉ፤ ቀለም የተቀባ ኮርኒስ ደግሞ ይህን ሁሉ ለዓመታት ሸፍኖ ሊያቆይ ይችላል።

እንግዲህ ቤቱን ስታዩ ከውጭ ጀምሩ። በጥንታዊ ሰፈር መንገዱ በተጠገነ ቁጥር ከፍ ስለሚል፣ ከዘመናት በኋላ የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል በላይ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ ይህ ከሆነ የእብጠቱ ምክንያት ግማሹ ተገኘ ማለት ነው። አሸንዳው ተሰብሮ እንደሆነ፣ የጣሪያው ውኃ የት እንደሚወርድ፣ በተጣበቀው የጎረቤት ግድግዳ በኩል የመታጠቢያ ቤት ወይም ቱቦ መኖሩን ተመልከቱ። ቢቻል ብርቱ ዝናብ በጣለ ማግስት ተመልሳችሁ እዩት። ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ሳሎኑን ትታችሁ እድሳቱ ያልደረሰባቸውን ቦታዎች ፈልጉ፦ ከደረጃው ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ፣ ከጣሪያው በታች ያለው ባዶ ቦታ። ልስኑን በጣታችሁ መገጣጠሚያ አንኳኩት፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ከድንጋዩ ተላቋል።

ባለሙያ የሚይዘው ባለ ሁለት መርፌ የርጥበት መለኪያ ጠቃሚ መሣሪያ ቢሆንም ንባቡን እንደ ፍርድ አትውሰዱት። መሣሪያው በቀጥታ የሚለካው ኤሌክትሪክ በግድግዳው ውስጥ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚያልፍ ነው፤ ጨው የተጠራቀመበት ግድግዳ ደረቅ ቢሆን እንኳ ከፍተኛ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ምክንያት ቁጥሩን ብቻ ተመልክቶ ኬሚካል በግድግዳው ውስጥ ለመርጨት የሚጣደፍ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ባለሙያ ጠይቁ።

ውሳኔውን በተመለከተ፣ በእኛ አስተያየት ቤቱን የምትተዉበት ምክንያት ገና አልተገኘም፤ ቀብድ የምትከፍሉበት ምክንያትም እንዲሁ። ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት፤ አንደኛ በእድሳቱ ወቅት ግድግዳው ተላጦ ሳለ የተነሡ ፎቶግራፎችን እንዲያሳያችሁ፣ ሁለተኛ እብጠቱ ባለበት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ልስን ተነሥቶ ከሥሩ ያለው እንዲታይ እንዲፈቅድ። በሥራው የሚተማመን ሻጭ ሁለተኛውን የሚከለክልበት በቂ ምክንያት የለውም፤ ቢበዛ የጥገናውን ወጪ እናንተ እንድትሸፍኑ ይጠይቃል። ችግሩ ከግርጌው ልስን ሳያልፍ ከተገኘ፣ ሲሚንቶውን አንሥቶ በኖራ መለሰንና የውጭውን መሬት ዝቅ ማድረግ የሚያስከትሉትን ወጪ አስገምታችሁ ከዋጋው እንዲቀነስ መደራደር ትችላላችሁ። የእንጨቶቹ ጫፍ ተነክቶ ከሆነ ግን ግምቱን መሐንዲስ ይስራ። ደጅ ላይ ስለቆመው ሌላ ገዥ አትጨነቁ፤ እርሱ የሌለበት የቤት ሽያጭ ሰምተን አናውቅም።

ጥያቄ፦ ልገዛው ያሰብኩት ቤት ምድር ቤት ሁለት ክፍሎች ነበሩት፤ በእድሳቱ መካከለኛው ግድግዳ ፈርሶ አንድ ሰፊ ሳሎን ሆኗል። እጅግ ወድጄዋለሁ። ይሁን እንጂ ከላይ ያለው የመኝታ ክፍል በር አልገጥም ይላል፤ ከመቃኑ ማዕዘን የተነሣ ቀጭን ስንጥቅም በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ ሄዷል። አሮጌ ቤት መሰንጠቁ የተለመደ ነው ተብያለሁ።

መልስ፦ አሮጌ ቤት መሰንጠቁ የተለመደ ነው፤ የእርስዎ ስንጥቅ ግን አሮጌ አይደለም። ግድግዳው በቅርቡ ከተቀባና ስንጥቁ ቀለሙን ከፍሎ ከታየ ከቀለሙ በኋላ የመጣ ወይም ከቀለሙ በኋላ እንደገና የተንቀሳቀሰ ነው። ይህ ከማይገጥመው በርና ከታች ከፈረሰው ግድግዳ ጋር ሲደመር ሦስቱም ወደ አንድ ምክንያት ያመለክታሉ።

በጥንታዊ ቤት ውስጥ መካከለኛ ግድግዳ ቀጭን በመሆኑ ብቻ ሸክም የለበትም ማለት አይቻልም። መጀመሪያ ለመከፋፈያ ብቻ የተሠራ ቢሆን እንኳ፣ በላዩ ያሉት እንጨቶች በዘመን ብዛት ሲጎብጡ ክብደታቸውን በእርሱ ላይ አሳርፈው ሊሆን ይችላል፤ ከዚህም በተጨማሪ ሁለቱን የውጭ ግድግዳዎች እንዳይለያዩ አያይዞ የሚይዘው እርሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሻጩ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፦ በፈረሰው ግድግዳ ምትክ ምን ዓይነት ተሸካሚ ገባ? መጠኑን ማን አሰላው? ሁለቱ ጫፎቹስ በምን ላይ አርፈዋል? የብረት ተሸካሚ ጠንካራ ሆኖ ሳለ ያረፈበት አሮጌ ግንብ በክብደቱ ተሰባብሮ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። ተጠያቂው በቃል የሚመልስልዎት ከሆነና የስሌት ወረቀት ከሌለ፣ የራስዎን የስትራክቸር መሐንዲስ ይዘው ይሂዱ፤ ኮርኒሱን በአንድ ቦታ መክፈት እንደሚያስፈልግም አስቀድመው ያስፈቅዱ። ጊዜ ካለዎት የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርገው ቀኑን ይጻፉበት፤ ከሳምንታት በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ እንቅስቃሴው አልቆመም።

ጥያቄ፦ ሰፈሩ በቅርስነት የተመዘገበ ነው። የቤቱ የፊት መስኮቶች ግን የአሉሚኒየም ናቸው፤ ጣሪያውም በከፊል ተከፍቶ ሰገነት ሆኗል። ይህን የሠራው ሻጩ ነው። ቤቱን ከገዛሁ በኋላ ጥያቄ ቢነሣ ተጠያቂው ማን ነው?

መልስ፦ መልሱ በየአገሩ ሕግ የሚወሰን ቢሆንም በብዙ ቦታ የሚሠራበት መርሕ ገዥን የሚያስደስት አይደለም፤ ግዴታው የሚከተለው ቤቱን ነው። በእንግሊዝ ለምሳሌ በተመዘገበ ቅርስ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ሥራ እንዲስተካከል ለማዘዝ የጊዜ ገደብ የለም፤ ትእዛዙም ሥራውን ባልሠራው በአሁኑ ባለቤት ላይ ሊወጣ ይችላል። በሌላ አገር የይርጋ ጊዜ ሊኖር፣ ቅጣቱም በሠሪው ላይ ብቻ ሊወሰን ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት ቤቱ ራሱ በስሙ ካልተመዘገበ ነፃ ነው ብለው ሲያስቡ ነው። ጥበቃው ከነጠላ ሐውልትና ቤተ መንግሥት አልፎ ወደ ሰፈር የተሸጋገረው ከቆየ በኋላ ነው፤ ፈረንሳይ በ1962 እ.ኤ.አ. ባወጣችው፣ በወቅቱ የባህል ሚኒስትር በነበሩት በአንድሬ ማልሮ ስም በሚጠራው ሕግ ሰፈርን እንደ አንድ አካል የሚጠብቁ ክልሎችን አቋቁማለች፤ ኢኮሞስ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ባለሙያዎች ምክር ቤትም በ1987 እ.ኤ.አ. ስለ ታሪካዊ ከተሞች ጥበቃ ባጸደቀው ሰነድ የመንገዶቹ አሠራር፣ የቤቶቹና የክፍት ቦታዎቹ ግንኙነት፣ የቤቶቹም ውጫዊና ውስጣዊ ገጽታ ሊጠበቁ እንደሚገባ አስፍሯል። በዚህ አስተሳሰብ አንድ ተራ ቤት ከጎረቤቶቹ ጋር በሚፈጥረው መልክ ይመዘናል፤ የፊት መስኮትና የጣሪያ መስመርም ቀድመው የሚታዩት እነዚያው ናቸው።

ስለዚህ ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሄደው የጸደቀውን ንድፍ ቅጂ ይጠይቁና ከቤቱ ጋር መስኮት በመስኮት ያስተያዩት። ፈቃድ ተሰጥቷል የሚል የቃል መልስ አይበቃም፤ ፈቃዱ ለእንጨት መስኮት ሆኖ የተገጠመው አሉሚኒየም ሊሆን ይችላልና። ልዩነት ከተገኘ ክፍያው ከመጠናቀቁ በፊት ሻጩ በራሱ ስምና ወጪ እንዲያስተካክል ወይም ሕጋዊ እንዲያደርግ በውሉ ይግባ፤ ከዋጋው ላይ የተወሰነ ያህሉ ይህ እስኪፈጸም በገለልተኛ ወገን እጅ እንዲቆይ ማድረግም ይቻላል። ሰገነቱን በተመለከተ የመድን ድርጅትዎንም ያማክሩ፤ ያለ ፈቃድ የተከፈተ ጣሪያ ያስገባው ውኃ ላደረሰው ጉዳት ካሳ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው ቤቱ የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ አለው ይላል፤ ስገባ ግን ከፊት ለፊቱ ግድግዳ በቀር ሁሉም አዲስ ኮንክሪት ነው። ይህ ጥንታዊ ቤት ይባላል?

መልስ፦ ጥንታዊ ገጽ ያለው አዲስ ቤት ነው፤ ዋጋውም እንደዚያ ሊታሰብ ይገባል። በ1964 እ.ኤ.አ. የጸደቀው፣ የቬኒስ ቻርተር የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ ጥበቃ ሰነድ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ላይ መቆም እንዳለበት፣ የጎደለውን ለመተካት የሚገባው አዲስ ክፍልም ከአጠቃላዩ ጋር ተስማምቶ ግን ከነባሩ ተለይቶ የሚታወቅ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ መለኪያ ውስጡን ሙሉ በሙሉ አፍርሶ ገጹን ማቆየት እድሳት ለመባል ይከብደዋል።

ይህን ስንል እንደገና የተሠራ ሁሉ ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈራረሰው የዋርሶ አሮጌ ከተማ ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ተገንብቶ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ነገር ግን የዋርሶ ሰዎች እንደገና የሠሩ መሆናቸውን አልደበቁም፤ የተመዘገበውም ያ ሥራ ራሱ የታሪክ ምስክር በመሆኑ ነው። የእርስዎ ሻጭ ስለ ሁለት መቶው ዓመት ማስረጃ ያቅርብ፦ የቆየ የንብረት መዝገብ፣ የድሮ የከተማ ፕላን፣ ፎቶግራፍ፤ ነባር እንጨት ከተረፈ ደግሞ የዕድገት ቀለበቶቹን በማጥናት ዛፉ የተቆረጠበትን ዓመት ማወቅ የሚቻልበት አጋጣሚ አለ። ማስረጃ ካልቀረበ የሚከፍሉት ለአዲስ ኮንክሪትና ለሰፈሩ ነው፤ ሁለቱም ጥሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ነባሮቹ በሮች ተፍቀው እንደገና ተቀብተዋል። ሁለት ሕፃናት አሉን፤ የሚያሰጋ ነገር አለ?

መልስ፦ ሊኖር ይችላል። በቀድሞ ዘመን የእንጨት ቀለም እርሳስ የተባለውን ብረት ይዞ ይዘጋጅ ነበር፤ አሜሪካ ለመኖሪያ ቤት እንዳይውል የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሌሎች አገሮችም ከዚያ ቀድሞ ወይም እጅግ ዘግይቶ ተከልክሏል። ሳይነካ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ አሮጌ ቀለም አደጋው አነስተኛ ነው፤ አደገኛው በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚቦነው አቧራ ነው፤ አቧራው በወለል ስንጥቆች ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያም በሕፃናት እጅ ወደ አፋቸው ይገባል። በሮቹ በምን ዘዴ እንደተፋቁ ይጠይቁ፤ መልሱ ግልጽ ካልሆነ ከመግባታችሁ በፊት የወለሉን አቧራ በቤተ ሙከራ ያስመርምሩ። እስከዚያው ድረስ ቤቱን በደረቅ መጥረጊያ አትጥረጉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉት።

ጥያቄ፦ እኔ ሻጭ ነኝ። ቤቴን በኖራ፣ በነባሩ እንጨትና በትዕግሥት አድሼዋለሁ። ገዥዎች ግን መጥተው ወለሉ ዘንበል ይላል፣ ግድግዳው ቀጥ አላለም እያሉ ዋጋ ይሰብራሉ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው በሲሚንቶና በጂፕሰም የተለበጠው ቤት በቶሎ ተሸጧል። ድክመቶቹን ጭምር ልናገር ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ይናገሩ፤ ነገር ግን በወረቀት ይናገሩ። የእርስዎ ሥራ ችግሩ ከዓይን የተሰወረ መሆኑ ነው፤ ጥሩ የኖራ ልስንና የተጠገነ የእንጨት ጫፍ ለጎብኚ አይታዩም፤ ጂፕሰም ግን ከበር ያንጸባርቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል ከሥራው በፊት፣ በሥራው መካከልና በኋላ የነበረውን ሁኔታ የሚያሳዩ ፎቶግራፎችን፣ የፈቃዱን ቅጂ፣ የባለሙያዎቹን ደረሰኞች፣ አዲስ የተዘረጋውን የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር ንድፍ በአንድ ማኅደር አደራጅተው ለሚመጣው ገዥ ሁሉ ያሳዩ። ስለ ዘንበል ያለው ወለል ደግሞ መሐንዲስ አንድ ገጽ እንዲጽፍልዎት ያድርጉ፤ እንቅስቃሴው የቆየና የቆመ ከሆነ ይህ በጽሑፍ መገኘቱ ገዥው ለመደራደሪያ የሚያነሣውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልስለታል።

ያልሠሩትንም ይዘርዝሩ። ጣሪያው በቅርቡ መታደስ የሚያስፈልገው ከሆነ ገዥው ከእርስዎ ቢሰማ ይሻላል፤ በብዙ ሕጎች ሻጭ እያወቀ የደበቀው ጉድለት ከሽያጩ በኋላም ያስጠይቃል፤ ተገልጾ የተሸጠ ጉድለት ግን በዋጋው ውስጥ እንደገባ ይቆጠራል። ለገዥው ደግሞ ግድግዳውን ወደፊት በምን ቀለም መቀባት እንዳለበት ጽፈው ይተዉለት፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ቀቢ በፕላስቲክ ቀለም ሸፍኖ የደከሙበትን ሊያበላሸው ይችላል። ከጎንዎ ያለው ቤት በቶሎ መሸጡ አያሳስብዎት፤ በማኅደሩ የሚደሰት ገዥ ቁጥሩ ጥቂት፣ አመጣጡም ዘገምተኛ ነውና ማስታወቂያውን ለመላው ገበያ ከመበተን ይልቅ በጥንታዊ ቤቶች ላይ ለሚሠሩ መሐንዲሶችና አናጢዎች ቢያደርሱ ወደ እርሱ በቀላሉ ይደርሳሉ።